ስድስተኛው ፎቅ ላይ የቆመው ፓጎዳ

ጥያቄ፦ በደቡብ ኮሪያ፣ ኢክሳን ውስጥ ያለው የሚሩክሳ ቤተ መቅደስ የምዕራብ የድንጋይ ፓጎዳ (ባለ ፎቅ የቡድሂስት ግንብ) መጀመሪያ ዘጠኝ ፎቅ እንደነበረው ይገመታል። ያን ሁሉ ዓመት ታድሶ ለምን ስድስት ላይ ቀረ? አንድ ጎኑስ ለምን ፈርሶ ይታያል?

መልስ፦ ከስድስተኛው ፎቅ በላይ ያለው ቅርጽ አስተማማኝ ማስረጃ ስለሌለው ነው። በግምት መጨረስማ ይቻል ነበር። አጠገቡ ያለው የምሥራቁ ፓጎዳ በ1993 እ.ኤ.አ. በአዲስ ድንጋይ ዘጠኝ ፎቅ ሆኖ ተሠርቷል፤ ጠርዙ ስል፣ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ዕድሜ ግን የለውም።

የምዕራቡን ያስቸገረው በ1915 ጃፓኖች የተናደውን ጎን ለመደገፍ የለጠፉት 185 ቶን ያህል ኮንክሪት ነው። በማሽን ቢፈነቀል ንዝረቱ የተሰነጠቀውን ግራናይት ስለሚሰብር በመሮ ጥቂት በጥቂት ተላጠ። የተሰበሩት ድንጋዮች አልተጣሉም፤ የጎደለው በአዲስ ድንጋይ ተሞልቶ፣ በቲታኒየም ዘንግ ከአሮጌው ጋር ተሰፋ። ሥራው ያለቀው በ2019 ነው።

መፍታቱ ያልታሰበ ነገርም አስገኘ። በጥር 2009 የመጀመሪያው ፎቅ መካከለኛ ምሰሶ ሲነሣ፣ ወደ 25 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ የቅዱስ አጽም ማኖሪያ ዕቃና ጽሑፍ የተቀረጸበት የወርቅ ሰሌዳ ተገኘ። ሰሌዳው ዘመኑን 639 እ.ኤ.አ. አድርጎ፣ ቤተ መቅደሱን ያሠራችው የጥንታዊው የኮሪያ መንግሥት የቤክጄ ንግሥት ሳቴክ ጆክዶክ የሚባል የቤክጄ መኳንንት ልጅ መሆኗን ይናገራል። አፈ ታሪኩ ግን ክብሩን ለጎረቤቱ መንግሥት ለሲላ ልዕልት ለሶንህዋ ሰጥቶ ኖሯል።