«ማበጠሪያ» ወይስ «የጥርስ መለኪያ»?

ጥያቄ፦ አባቴ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቶርኖ ቤት ይሠራ ነበር። ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አንድ የማላውቀው ነገር አገኘሁ። እንደ ሰንጢ ይታጠፋል፤ በሁለቱም ጫፍ ብዙ ስስ ብረት አለው። የሁሉም ጠርዝ እንደ መጋዝ ባለ ጥርስ ነው፤ ግን አይቆርጥም። በአንዱ ወገን 55፣ በሌላው 60 ዲግሪ ይላል። አባቴ «ማበጠሪያ» ይለው ነበር። ወንድሜ ደግሞ «የጥርስ መለኪያ ነው» ብሎ ይሞግተኛል። ምንድን ነው? የትኛው ስም ነው ትክክል?

መልስ፦ ከስሙ በፊት ሥራውን እንይ። የቡና መፈልፈያ ማሽን ብሎን ጥርሱ ተበላ እንበል። ቶርኖ ላይ አምሳያውን ለማውጣት የጥርሱን ስፋት በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። በዓይን ግምት አይሆንም። ባለሙያው ከስስ ብረቶቹ አንዱን ብሎኑ ላይ ያስጠጋና ወደ ብርሃን ያነሣዋል። በመካከላቸው ብርሃን ካሾለከ አልገጠመም፤ ሌላውን ይሞክራል። ምንም ካላሾለከ ግን አገኘው፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያነባል።

ዲግሪው የጥርሱ ማዕዘን ነው። ቁጥሩ ራሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በ60 ዲግሪው ወገን 1.25 የሚል ካዩ፣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 1.25 ሚሊሜትር አለ ማለት ነው። የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ይኸው ነው። በ55 ዲግሪው ወገን ግን ቁጥሩ የሚነግረን በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ቁጥሩ ሲያድግ ጥርሱ ይሰፋል፤ በሌላው ወገን ሲያድግ ይደቃል። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ባለ 55 ዲግሪውን ያወጣው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው፤ ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1841። ያረጀ ነው ብለው እንዳይንቁት። የግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ ጥርስ ላይ 14 ቁጥሩን ያስጠጉት፤ ልክክ ይላል።

ወደ ስሙ እንምጣ። አባትዎ በመልኩ ነው የሰየሙት፤ ሚዶ ይመስላላ! በመልክ መሰየም ነውር የለውም። ዛሬ ጋራዥ ሁሉ የሚጠራው፣ ብሎን የሚታሰርበት «ዳዶ» እኮ በጣሊያንኛ የመጫወቻ ዳይስ ማለትም ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ አድርጓት ነበር፤ «ቶርኖ»፣ «ሞርሳ»፣ «ካቻቢቴ» የሚሉት ቃላት ለከተማው ባለሙያ ባዕድ አይደሉም። ይህች ዕቃ ግን የባለሙያው የኪስ ዕቃ ናት። እንደ ካቻቢቴ በየቤቱ አልገባችም። ለእኔ ግምት፣ አባትዎ ከራሳቸው ስም ያወጡላት ለዚህ ነው።

ወንድምዎ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይገባኛል። አማርኛ በዚህ ነገር ጥንቁቅ ነው፤ ጨርቅ ይለካል፣ ጤፍ ይሰፈራል፣ ቡና ይመዘናል። ይህ መሣሪያ ደግሞ እንደ ሜትር ተዘርግቶ አይለካም። ግን «ለካ» ሌላም ትርጉም አለው። ጫማ ቤት ገብተው «እስኪ ልለካው» ሲሉ ሜትር አያወጡም። አንዱን ያጠልቃሉ፣ ጠበበ፤ ሌላውን ያጠልቃሉ፣ ልክ ሆነ፤ ከዚያ ቁጥሩን ያያሉ። መሣሪያው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ትክክል ናቸው። አንድ ቃል ብቻ ጎድሏል፤ «የጥርስ መለኪያ» ብቻውን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይወስደናል። «የብሎን ጥርስ መለኪያ» ይበሉት።

ጣሊያኖቹ «ኮንታፊሌቲ» ነው የሚሉት፤ ፍቺው ጥርስ ቆጣሪ እንደማለት ነው። ይህን ቃል በቃል መገልበጥ የሚያምረው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በአማርኛ «ቆጣሪ» ራሱ የሚቆጥር ነው፤ ለዚህ ነው የመብራት ቆጣሪ የምንለው፤ እኛ ብንተኛም እሱ ይቆጥራል። ሰው ይዞት የሚቆጥርበት ዕቃ ሲሆን መ- ከፊት፣ -ያ ከኋላ ይገባል፤ የጸሎት መቁጠሪያ እንደምንለው። የእርስዎ መሣሪያ በራሱ ምንም አይቆጥርም። እርስዎም ይዘውት አይቆጥሩም፤ ተቆጥሮ የተጻፈውን ያነባሉ እንጂ። ስለዚህ «ቆጣሪ»ም «መቁጠሪያ»ም አይሆኑትም።

ቤት ውስጥ «ማበጠሪያውን አቀብለኝ» መባባሉን ማንም አይከለክላችሁም። ለንብረት መዝገብ ወይም ለግዢ ሲጽፉ ግን «የብሎን ጥርስ መለኪያ፣ ባለ 55 እና ባለ 60 ዲግሪ» ብለው ይሙሉት። ዲግሪውን ካልጠቀሱ ሻጩ ባለ ሚሊሜትሩን ብቻ ሊሰጥዎ ይችላል፤ በእሱ ደግሞ የቧንቧዎን ጥርስ አይለኩበትም።