ተራራ ጫፍ አለው፦ የጥበቃ ወሰን ለሚያሰምሩ ወጣት ባለሙያዎች

ይድረስ በተፈጥሮ ሀብት ሙያ ገና ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

በቅርቡ በአንድ ሥልጠና ላይ የተገኘች ወጣት ተመራቂ፣ «ዛሬ ወሰን አበጅተን የምንጠብቀው ቦታ፣ የአየር ንብረቱ ሲለወጥ፣ ልንጠብቀው ያሰብነውን እንደያዘ ይቆያል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። በአዳራሹ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄዋ ግን ለብዙ ዓመታት ሲቆረቁረኝ የኖረ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም መጻፍ መረጥሁ።

ነገሩ የሆነው በሰሜኑ ደጋ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ተራራማ አካባቢ ነው። ሁለት ከፍታዎች ትይዩ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ረባዳ መስክ ተዘርግቷል። በሁለቱም ላይ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ በቅሏል፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበት ነበር። እኛ ለጥበቃ ቦታው ወሰን እንድናጠና የተላክን ቡድን ነበርን፤ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ነጥብ እንሰጣለን። ቀበሮ የታየበት፣ ብርቅዬ ዕፅዋት የሚገኙበትና ሣሩ ያልተነካ መሬት ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ፣ ከብት የጋጠው የተራቆተ መሬት ዝቅተኛ ያገኛል። በዚህ መለኪያ የመካከሉ መስክ ከሁሉም አነሰ።

ወሰኑን ለሕዝቡ ለማስረዳት የቀበሌው ነዋሪ ከአንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ተሰበሰበ። ስለ ግጦሽና ስለ ማገዶ ብዙ ከተባለ በኋላ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ገብስ መናገር ጀመሩ። ወደ ዳገቱ እየጠቆሙ፣ በአባታቸው ዘመን ከአንዲት ጥቁር ቋጥኝ በላይ የተዘራ ገብስ እሸት ሳይሆን አመዳይ ይመታው እንደነበር፣ እርሳቸውም በጉልምስናቸው ከቋጥኟ አልፈው ዘርተው አንዱ ዓመት ሲሰጥ ሌላው ሲነሣቸው እንደኖሩ፣ አሁን ግን ልጃቸው ከዚያ በብዙ ከፍ ብሎ እያረሰ በየመኸሩ እንደሚያፍስ አስረዱ። ቀጥለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የገብስ ዛላ ፈትተው በመዳፋቸው አሹት፤ ገለባውን እፍ ብለው ፍሬውን ከቡድናችን መሪ ፊት ዘረጉለት። ፍሬው ሙሉና ደንዳና ነበር። «ገብሱ ወደ እናንተ ምልክት እየወጣ ነው፤ ሲደርስባችሁ አውሬው ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ሰብሳቢው አመስግኖ ወደ ሌላ ጠያቂ ተሻገረ።

በዚያ ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ክርክር ሆነ። እኔና የዕፅዋት ባለሙያው ጓደኛችን የመካከሉ መስክ የተራቆተ ቢሆንም በወሰኑ ውስጥ ይግባ፣ ከሁለቱ ከፍታዎች አንዱ ቢጎዳ እንስሳቱ የሚሻገሩበት ሌላ መንገድ የላቸውም አልን። የመሪያችንም ክርክር የሰነፍ ክርክር አልነበረም፤ ገንዘብ ለሚሰጡት ወገኖች በነጥብ ያልተደገፈ መሬት ማቅረብ እንደማይቻል፣ ሽማግሌውም የተናገሩት ቢያምርም የተለካ ነገር እንዳልሆነ ገለጸልን። ሰነዱ ሲጠናቀቅ መስኩ ከወሰኑ ውጭ ቀረ። የሽማግሌው ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንኳ አልሰፈረም። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ መስኩ ከዳር እስከ ዳር ገብስና ድንች ሆኗል፣ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶችም ተሠርተዋል። በአነስተኛው ከፍታ ላይ ቀበሮ ካየ ሰው ማግኘት አልቻልሁም። ገበሬዎቹን አልወቅስም፤ መሬት ያነሰው ሰው ሙቀቱ የከፈተለትን ማሳ ያርሳል። የሚያንገበግበኝ፣ መልሱ እጃችን ላይ ተዘርግቶ ሳለ መስኩ መጥፋቱ ነው።

ሽማግሌው የተናገሩት ሳይንስ ነበር። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ወይና ደጋው ወደ ደጋ፣ ደጋውም ወደ ውርጭ በ170 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል ማለት ነው። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይጠባል፤ ስለዚህ የውርጩ ፍጥረት የሚያገኘው መሬት ከታች ከሚለቀው ያንሳል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስም መሄጃ ያጣል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የለም፤ ቁጥሩም ወደ 500 ገደማ ሆኖ በተነጣጠሉ ጥቂት ተራሮች ላይ ተበታትኗል። ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል። ጮቄ ዛሬም ከፍ ብሎ እንደቆመ ነው፤ ነገር ግን እርሻው ወደ ላይ ስለወጣና ከሌላ ተራራ የሚመጣበት መንገድ ስለሌለ እንስሳው በራሱ ሊመለስ አይችልም።

ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ የምታሰምሩት ወሰን ቁልቁለቱን ተከትሎ ከታች እስከ ላይ ይዘርጋ። የዚህን ጥቅም ማየት የሚፈልግ ባሌ ይሂድ። በሐረና ጫካ የዱር ቡና ከበቀለበት ጀምሮ ቀርከሃውን፣ ኮሶውን፣ አስታውን አልፋችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ ሜዳ እስክትወጡ ድረስ ደኑና ሣሩ ሳይበጠስ ይቀጥላል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ነው። አንድ ዕፅ ሙቀት ሲገፋው ሽቅብ የሚሄድበት ያልታረሰ መሬት አለው። ሰሜን ተራሮች ግን በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ጊዜ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 እስኪወጣ ድረስ ከተሠሩት ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ፓርኩን ወደ ስልኪና ወደ ራስ ደጀን አቅጣጫ አስፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ማድረስ ነበር። ከፍ ያለውን መሬት ቀድሞ መያዝ እንደሚቻል ይህ ያሳያል። ዘግይቶ ሲሆን ግን ዋጋው የከበደ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከሜዳቸው ለቀው ወደ ደባርቅ መውረዳቸውን አትርሱ።

ስለ እርከን፣ ስለ ክትርና ስለ ችግኝ እንክብካቤ አልጽፍላችሁም፤ ይህን ከዩኒቨርሲቲ ይዛችሁት ወጥታችኋል። ስለ ችግኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ የወጣቱ ትጋት ልብ ያሞቃል፤ ሆኖም ዛፍ የሌለበት መሬት ሁሉ የተራቆተ ይመስላችኋል። የጓሳ መስክ ዛፍ አይፈልግም። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ቀበሮው የሚያድናቸውን አይጦች መኖሪያ ወሰደ፣ ምንጩንም አጎደለ እንጂ አላለማም።

የዛሬ ልጆች ቢሮ ተቀምጣችሁ በሳተላይት ምስል ወሰን ስታሰምሩ ሳይ ቅር ይለኛል፤ ገበሬው ቤት ሳታድሩ፣ ቆሎውን ሳትቆረጥሙ መሬቱ አይገባችሁም። ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል፤ በዚያ ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ የእርሻው ጫፍ በየዐሥር ዓመቱ የት እንደነበር የሚያሳይ ምስል በእጃችን ቢኖር ኖሮ የሽማግሌው ቃል ተለክቶ በቀረበ፣ መስኩም በወሰኑ ውስጥ በገባ ነበር። እንግዲህ ሁለቱንም ያዙ፤ ምስሉን አትማችሁ ወደ ስብሰባው ውሰዱት፣ አዛውንቶቹም የቀድሞውን የእርሻ ጫፍ በእርሳስ ያሳዩበት።

ወሰን ያለ ሕግ፣ ሕግም ያለ ባለቤት እንደማይጸና ከመንዝ ጓሳ ተምሬአለሁ። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓታቸው ጓሳውን ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ከግጦሽና ከአጨዳ ይከለክሉት ነበር፤ ሣሩ ሲጎለምስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፍቱታል፤ ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያጭደዋል። የሚዘጋውና የሚከፈተው እንደ ሣሩ ሁኔታና እንደ ዓመቱ ችግር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ ባያነሣው ኖሮ ዛሬ እዚያ ቀበሮ ባልታየ ነበር። እኛ ባለሙያዎች ስንጽፍ ግን ወሰኑ ለዘላለም የቆመ ይመስል በድንጋይ ላይ በቀለም እንቀባዋለን።

እናንተ በምትጽፉት ዕቅድ ውስጥ ወሰኑ የሚከለስበትን ዓመት፣ የሚከልሰውን አካልና የመለኪያውን ዓይነት በግልጽ አስፍሩ። በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለ መስክ ዛሬ ባዶ ቢመስልም ነገ መተላለፊያ የሚሆን ከሆነ፣ ከብቱን የሚያግጥበት ሰው ሌላ የሣር ምንጭ ወይም ተመጣጣኝ ክፍያ የሚያገኝበትን በጀት መስኩ ከመከለሉ በፊት አስጸድቁ። ገንዘብ ሰጪው በነጥብ ያልተደገፈ መሬት አልቀበልም ካለ፣ የነጥብ አሰጣጡ ራሱ ተቀይሮ መሬቱ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚሰጠው አገልግሎት ነጥብ እንዲያገኝ በስብሰባው ተከራከሩ፤ ክርክራችሁም ባይሰማ እንኳ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ ጠይቁ።