ዓሣ የማታጠምደው ዓሣ አጥማጅ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አራት ኪሎ ላይ ስታገኙኝ «ጋሼ፣ በመስክ ሥራ መጀመሪያ ምን እንልመድ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሴን በቆምንበት መጨረስ ስላልቻልሁ፣ በአንዲት ወፍ ምክንያት የሠራሁትን ስህተት ልጻፍላችሁ።

ወፏ ድንክ ዓሣ አጥማጅ ናት፤ በሳይንሳዊ ስሟ ኢስፒዲና ፒክታ ትባላለች። ቁመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባሉ ደኖችና ቁጥቋጦዎች ትኖራለች። ወጣት ሳለሁ እርሷን ፍለጋ ጋምቤላ ወርጄ፣ ስሟን አምኜ ባሮ ወንዝ ዳር ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነ ወፍ ከቄጠማው ላይ ወደ ውኃው ስትወረወር ባየሁ ጊዜ፣ በደስታ ስሟን ደብተሬ ላይ አሰፈርሁ። አለቃዬ ማስታወሻዬን አንብበው «አናቷስ?» አሉኝ፤ አላየሁትም ነበር። ያገኘሁት የውኃ ዳር ዘመዷን ማላካይትን ኖሯል። የማላካይት ሰማያዊ አናት እስከ ዓይኗ ይወርዳል፤ ድንኪቱ ግን ከዓይኗ በላይ ብርቱካናማ ቅንድብ፣ ከጆሮዋ ዘንድ ደግሞ ሐምራዊ ምልክት አላት።

በሁለተኛው ጉዞዬ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ፊቴን ከወንዙ ወደ ጫካው አዞሩት። ድንኪቱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ድንገት ወደ ሣሩ ወረደችና ፌንጣ ይዛ ወደዚያው ቅርንጫፍ ተመለሰች፤ ከእንጨቱ ጋር ደጋግማ ካጋጨችው በኋላ ዋጠችው። ፌንጣ፣ ሸረሪት፣ ትል፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ እንቁራሪትና እንሽላሊት ትበላለች፤ ዓሣ ግን እምብዛም አትነካም። በዓለም ካሉት ከ110 በላይ የዓሣ አጥማጅ ዝርያዎች ብዙዎቹ ኑሯቸው ከውኃ የራቀ ነው፤ ስሙን ያወጣላቸው ሰው የወንዙን ዘመድ ብቻ አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ጎጆዋም ከቅርንጫፍ ላይ አይገኝም። ወንዱና ሴቷ ተጋግዘው በአፈር ገደል ወይም በኩይሳ ውስጥ ጠባብ ዋሻ ይቆፍራሉ፤ እንቁላሎቹ ነጫጭ ናቸው፣ የሚታቀፉትም 18 ቀን ያህል ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁን ስትከፍቱ ለስሙ ባዶ ቦታ ተዉለትና አስቀድማችሁ የት እንደ ተቀመጠች፣ ምን እንደ በላች፣ አናቷና ጆሮዋ ዘንድ ምን ቀለም እንዳለ ጻፉ። በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጠ ናሙና ብቻ አይታችሁም አትርኩ። እዚያ ዓይኗ ጥጥ ነው፣ የምንቃሯ ቅላትም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። የጀርባዋ ሰማያዊ ግን ከቀለም ሳይሆን ከላባው ውስጣዊ አሠራር የሚመጣ በመሆኑ፣ ናሙናውን በመስኮቱ ብርሃን ስታዘዋውሩት ሲለዋወጥ ታዩታላችሁ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልጠገብሁትም።

ለዕረፍት ሐዋሳ ከወረዳችሁ፣ ሐይቁ ዳር ቄጠማው ላይ ማላካይትን ታገኟታላችሁ። አናቷን እዩልኝ።