ለተናደደው የዋልያዎቹ ደጋፊ

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ታክሲ ውስጥ ላየሁት አንድ ልጅ ነው። ስሙን አላውቅም። ጥቅምት 2017 ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን አቢጃን ላይ በጊኒ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በሦስተኛው ቀን እዚያው አቢጃን 3 ለ 0 ተደገመ። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልጁ ከፊቴ ተቀምጧል። ዕድሜው ከሃያ አይዘልም። የዋልያዎቹን ማልያ ለብሶ ጃኬት ደርቦበታል። ጓደኛው ማልያውን አየና ሳቀበት። ልጁ ምንም አልመለሰም። የጃኬቱን ዚፕ ቀስ አድርጎ እስከ አንገቱ ዘጋው። ትንሽ ቆየና "ይሄን አሰልጣኝ ካላባረሩ ሁለተኛ አላይም" አለ። ላናግረው ስል "ወራጅ አለ!" ብሎ ወረደ።

ያ ዚፕ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እኔ 34 ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ታዳጊዎችን አሰልጥኛለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልመክራችሁ ብነሳም "አትናደዱ" አልላችሁም። "ኳስ አይደል እንዴ፣ ምን ያናድዳል?" የሚል ሰው ደስ አይለኝም። የሚናደድ ሰው ቡድኑን የራሴ ነው ብሎ የያዘ ሰው ነው። እኔ የምፈራው ንዴታችሁን አይደለም። ንዴታችሁ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ፣ እሱም አሰልጣኙ ላይ ብቻ ማረፉን ነው።

የመጣንበትን ትንሽ ላስታውሳችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ከወር በፊት ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍኩት። የገባሁት ካታንጋ፣ ከስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫዎች አንዱ ጋ ነው። አዳነ ግርማ አንዱን አገባ፤ ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ደገመ። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነ። ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። አጠገቤ የቆሙ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው የማላውቅ ሽማግሌ አንገቴን ይዘው አለቀሱ። በ1954 ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ስናነሳ እዚያው ስታዲየም ልጅ ሆነው እንደነበሩ ነገሩኝ። የታክሲው ልጅ ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። የሚያስታውሰው ደስታ ያ ብቻ ከሆነ ቢናደድ አልፈርድበትም።

በዓመቱ ለዓለም ዋንጫ ደጅ ደረስን፤ የቀረው የደርሶ መልስ ማጣሪያ ብቻ ነበር። ናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 እዚሁ አዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ጥር ላይ ቻን፣ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር መጣ። ሦስት ጨዋታ ተጫወትን፣ ሦስቱንም ተሸነፍን፣ አንድ ጎል አላገባንም። ወዲያው አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ተሰናበተ።

እኔም ያኔ "ይውረድ" ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። ከ31 ዓመት በኋላ ያሳለፈንን ሰው በአንድ ወር ውድድር ለካነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ቁጠሩት። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። ዓመት ያህል ቆየና ሄደ። ዮሐንስ ሳህሌ መጣ። ገብረመድህን ኃይሌ። አሸናፊ በቀለ። አብርሃም መብራቱ። ውበቱ አባተ። ዳንኤል ገብረማርያም በጊዜያዊነት። እንደገና ገብረመድህን። ከዚያ መሳይ ተፈሪ። ሁሉም ሲሾሙ "አዲስ ቡድን እንገነባለን" ተባለ። አንድም ግንባታ ግን ጣሪያው ላይ አልደረሰም። መሠረቱ ሲቆፈር ቆፋሪው ይቀየራል። የሚቀጥለው ሌላ ቦታ መቆፈር ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለኔ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ካሜሩን ላይ የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታችንን ያደረግነው ከኬፕቨርዴ ጋር ነበር። ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ተጫውተን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ያን ቀን በሁለቱ ቡድኖች መሀል የነበረው ልዩነት አንድ ጎል ነው።

የኬፕቨርዴን አሰልጣኝ ቡቢስታ ይሉታል። የተሾመው በ2012 ነው። ከዚያ ውድድር በኋላም ቀጠለ። በሚቀጥለው የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ ወደቀ። ሞሮኮ ላዘጋጀችው ዋንጫ ሳያልፉ ቀሩ። እኛ ብንሆን በማግስቱ መግለጫ ወጥቶ ነበር። እነሱ ግን አላባረሩትም። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፉ። የሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እኛ ውበቱን፣ ዳንኤልን፣ ገብረመድህንን፣ መሳይን አየን።

እውነቱን ለመናገር የነሱ ነገር ትዕግስት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ተጫዋቾቻቸው ሆላንድ፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይ የተወለዱ ወይም ያደጉ የስደተኛ ልጆች ናቸው። የኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ስለዚህ ያ መንገድ ለኛ ጠባብ ነው። ይህ ግን ምክንያት ሊሆነን አይገባም። እንዲያውም እዚህ ያለውን ልጅ ይበልጥ እንድንይዝ ነው የሚያስገድደን።

ከሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ሳልወጣ ሌላ ልጨምር። ነሐሴ 2013 አርሰናል የሊጉን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በሲቲ 5 ለ 0። ሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጠ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ "አሰልጣኙ አርቴታ ይባረር" ያላለ ልጅ አልነበረም። ክለቡ ያዘው። በዚያ ዓመት አምስተኛ ወጣ። ከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሆነ። ቡካዮ ሳካ ከዚያው ክለብ አካዳሚ የወጣ ልጅ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማንችስተር ዩናይትድ ደግሞ የረጅም ዘመን አሰልጣኙ ፈርጉሰን ሲወጣ ሞይስን ለስድስት ዓመት አስፈርሞ በአሥር ወሩ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ስንት አሰልጣኝ እንዳለፈ የዩናይትድ ደጋፊ ከኔ በተሻለ ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ የምላችሁ አሰልጣኝ አይነካ ብዬ አይደለም። መሄድ ያለበት አሰልጣኝ አለ። ተጫዋቹን የሚያዋርድ፣ በዝምድና የሚመርጥ፣ ከስህተቱ የማይማር ከሆነ ይሂድ። ግን በምን ትመዝኑታላችሁ? ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ የሚቀጥሉትን አምስት ሰከንዶች እዩ። ሁሉም የየራሱን ያደርጋል ወይስ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል? ባለፈው ዓመት የገባብን ዓይነት ጎል ዘንድሮም እየገባ ነው? አንድ ወጣት ተከላካይ ተሳስቶ ጎል ቢያስቆጥርብን በሚቀጥለው ጨዋታ እናየዋለን ወይስ ስሙ ይጠፋል? የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን የሚያገኘው ለጥቂት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ኳስ ማቀበል አያስተምርም። ልጆቹ የሚመጡለት ክለባቸውና ሰፈራቸው የሠራቸውን ያህል ሆነው ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት ሜዳም አልነበረውም። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ተዘጋ። ባሕር ዳርን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አገደው። "የሜዳችን" ጨዋታ ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ደቡብ አፍሪካ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብጽ ከአራት ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተች ቡድን ናት። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። እንደ ካታንጋው ቀን የሚያቅፈኝ ሰው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ውበቱም ሄደ።

ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ያየሁት ግን ብሔራዊ ቡድን ላይ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን እንዳሰለጥን ቀጠረኝ። ስሙን አላነሳም። ስምንት ወር ከልጆቹ ጋር ሠራሁ። ከመሀላቸው አንድ የ14 ዓመት ግራኝ ነበር። ቀጭን ነው፤ ታኬታው ሰፍቶት ሁለት ካልሲ ይደርባል። ኳስ ወደሱ ከመድረሷ በፊት ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ይህን ማንም አላስተማረውም። በሥራ ዘመኔ እንደሱ ያለ ልጅ ሦስት ባይ ነው።

ውድድር ተጀመረ። አምስት ጨዋታ ተሸነፍን። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ግን ከጨዋታ ጨዋታ ይሻሻላሉ። አንድ ቀን ኃላፊው መጣ። "አንተ መምህር ነህ፤ እኛ የምንፈልገው ዋንጫ ነው" አለኝ። ከኋላው አራት ጎረምሶች ቆመዋል። አንዱ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል፤ ደሙ ገና አልደረቀም። ወረቀቱ 16 ዓመት ይላል። ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ አልጽፍም አልኩ። በሳምንቱ ሌላ አሰልጣኝ መጣ።

ዋንጫውን በሉ። ግራኙ ልጅ ወንበር ላይ ዋለ። ከዚያ መምጣት አቆመ። ከዓመታት በኋላ የብረት በር ሲበይድ አገኘሁት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ "ቲቸር!" አለኝ። "ኳስስ?" አልኩት። "ተውኩት ቲቸር" አለ። እጁ ጥሩ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ለሱ አላዘንኩም። ብሔራዊ ቡድናችን መሀል ሜዳ ላይ ዞሮ የሚያይ አማካይ ሲያጣ ግን ሁልጊዜ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

አያችሁ፣ በሦስት ሽንፈት አሰልጣኝ የሚያባርረው ችኮላና የ21 ዓመት ጎረምሳ ለታዳጊ ቡድን የሚያሰልፈው ችኮላ አንድ ናቸው። አንዱን እያጨበጨብን ሌላውን ልናወግዝ አንችልም። ኃላፊው ያን ያደረገው ክፉ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዋንጫ ካላመጣ ደጋፊው እንደሚጮህበት ያውቅ ነበር። ደጋፊው እኛ ነን።

ስለዚህ ከሽንፈት በኋላ "ማን ይባረር?" ከማለታችሁ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። ለአዲሱ አሰልጣኝ ስንት ዓመት ተሰጠው? ከሱ በፊት የነበረው የሠራውን ማን መዘገበ? ክለባችሁ የ15 ዓመት ልጆች አሉት? የት ነው የሚለማመዱት? ዕድሜያቸውን ማን ያጣራል? እነዚህን በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው፣ በየደጋፊ ማኅበሩ ጠይቁ፤ መልስ ሲከለክሏችሁም ተናደዱ። ያ ንዴት ያምርባችኋል።

አንድ ነገር ግን ተዉልኝ። የተሳሳተውን ተጫዋች በስልካችሁ እናቱን እየጠራችሁ አትሳደቡ። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ትልቅ ቡድን ገብተው ከጨዋታ በኋላ ስልካቸውን ሲያጠፉ አይቻለሁ። አንዱ እናቱ እንዳታነብ ብሎ የሷንም ስልክ ደብቋል።

አሁን እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ያለው ጠጠር ሜዳ ላይ ነኝ። የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጀምራለን። ኮን የለንም፤ በሃይላንድ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልተን እንደረድራለን። ኳስ ሦስት አለን፤ አንዱ ይተነፍሳል። ዳኝነት የሚያግዝ፣ መስመር የሚያሰምር፣ ጨዋታ ሲያልቅ ልጆቹን አስፋልት የሚያሻግር ሰው ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ሜዳ በየሰፈራችሁ አለ፤ ዳር ቆማችሁ ብታዩ እንኳ ልጆቹ ቀና ብለው ነው የሚጫወቱት።

ያን የታክሲውን ልጅ የሚያውቀው ካለ ይህን ያድርስልኝ። ቅዳሜ ማልያህን ለብሰህ ና። ጃኬቱን ቤት ተወው።