መልስ፦ ድራይቨሩ ይጫናል፣ ሪሌዎቹ ግን አይነሡም

የሽመና ማሽንዎን ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠሩ ማብሪያዎች) ያዝ የነበረውን የዶስ ፕሮግራም ወደ ሊኑክስ ድራይቨር (ቦርዱን የሚያዝ ፕሮግራም) ቢያዛውሩት፣ ድራይቨሩ ያለ ስሕተት ቢጫንም ሪሌዎቹ እንዳልሠሩ ጽፈዋል። አብሽሩ፣ ቦርዱን ለመጣል አይቸኩሉ። ከላኩት ኮድ እንደሚታየው የተገለበጠው የ«አውት ቢ» (outb፣ ወደ ፖርት አንድ ባይት የሚጽፈው ትእዛዝ) ቅደም ተከተል ነው፦ በዶሱ ፕሮግራም መጀመሪያ የፖርቱ አድራሻ፣ ቀጥሎ ዋጋው ይጻፍ ነበር፤ በሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ግን ዋጋው ይቀድማል፣ አድራሻው ይከተላል። በሄክሳዴሲማል ወደ 303 ሊልኩት ያሰቡት 80 አሁን ራሱ አድራሻ ሆኖ ተወስዷል፤ ያ ፖርት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የምርመራ ኮድ የሚወጣበት በመሆኑ፣ ከርነሉ አንድም ስሕተት ሳያሳይ ጽሑፉ እዚያ ጠፍቶ ይቀራል።

1. ሁለቱን ቦታ አቀያይሩ።
2. መጀመሪያ የቁጥጥሩን ቃል፣ ማለትም የፖርቶቹን አሠራር የሚወስነውን 80ን፣ ወደ 303 ይጻፉ፣ ከዚያ የኤ፣ የቢና የሲ ፖርቶችን ዋጋ ወደ 300፣ 301 እና 302 ይላኩ።

የአድራሻውን ክልል ከከርነሉ የጠየቁበት መስመር ትክክል ነው፤ አይንኩት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በቦርዱ ላይ ሦስቱን ፖርቶች የሚያዘው 8255 ቺፕ ይህ የቁጥጥር ቃል በተጻፈበት ቅጽበት የውጤት ፖርቶቹን በሙሉ ወደ ዜሮ ይመልሳል። እዚህ ደሴ እኔ የሠራሁበትን ዓይነት፣ በዜሮ የሚበራ የሪሌ ካርድ የእርስዎም ኮምቦልቻ ያለው የሽመና ማሽን ካለው፣ ድራይቨሩ ሲጫን ሪሌዎቹ በአንድ ጊዜ ይበሩና ሞተሮቹ ሰው አጠገባቸው እያለ ሊነሡ ይችላሉ። ወዲያው ወደ ሦስቱ ፖርቶች 255 (ይህ በዴሲማል ነው፣ በሄክሳዴሲማል FF) መላክ ክፍተቱን ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ የኮንታክተሮቹ (የሞተሮቹን ኃይል የሚያገናኙት ትልልቅ ማብሪያዎች) ኃይል ተቋርጦ ሳለ ብቻ ድራይቨሩን ይጫኑ፣ ውጤቱንም በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ ኃይሉን አይመልሱ።