ሁለት ጣቢያ፣ አንድ ባለቤት፦ ተመሳሳይ የሙዚቃ ሬዲዮዎች ውስጥ ሥራ ለሚጀምር

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የሚዲያ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በከተማችን አንድ ኩባንያ አምስት ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሉት። ሁለቱ የሚያጫውቱት ሙዚቃ ለጆሮ ያው አንድ ነው። አሁን ለሁለቱም የሙዚቃ ሎግ (ዘፈኖቹ በየሰዓቱ የሚጫወቱበትን ቅደም ተከተል) የሚያዘጋጅ ረዳት ፈልገው ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። ሁለቱን ለምን አንድ አያደርጓቸውም? ሥራውስ ዛሬ ተጀምሮ ነገ የሚታጠፍ አይሆንም?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሊታጠፍ ይችላል። ቢሆንም እኔ ግባበት ነው የምልህ፤ ምክንያቱን ለማየት ግን መጀመሪያ ሁለቱ ጣቢያዎች ለምን እንዳሉ መረዳት አለብህ።

ዋናው ጣቢያ ከ25 እስከ 54 ዓመት ያሉ አድማጮችን ይዞ የማስታወቂያውን ገንዘብ የሚያስገባው ነው። ተፎካካሪ ሲመጣበት ደግሞ ከሁለት በኩል ነው፤ ወይ አዳዲስ ዘፈን አብዝቶ ወጣቶቹን ይወስድበታል፣ ወይ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ይዞ ጎልማሶቹን። ሁለተኛው ጣቢያ ያንን ጎን የሚይዝ ዘብ ነው። አንደኛ እንዲወጣ ማንም አይጠብቅበትም። ሌላ ሰው እዚያ ቦታ ላይ እንዳይቆም ካደረገና የተፎካካሪውን አድማጭ ትንሽ ከሸረፈ ሥራውን ሠርቷል። በሽያጭ በኩልም ጥቅም አለው፤ የማስታወቂያ ድርጅት የዚያን ዕድሜ አድማጭ ሲፈልግ ሁለቱን አንድ ላይ ይገዛል። ቴክኒሺያኑም፣ የሽያጭ ክፍሉም፣ ሕንፃውም የጋራ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በሕግ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ አንድ ባለቤት በአንድ ገበያ (በአንድ ከተማና አካባቢው) ውስጥ በአጠቃላይ ከአንድ ኤ ኤምና ከአንድ ኤፍ ኤም በላይ መያዝ አይችልም ነበር። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አገር አቀፉን ጣሪያ አንስቶ የአካባቢውን እንደ ገበያው ስፋት ደለደለው። 45 እና ከዚያ በላይ ጣቢያ ባለበት ገበያ አንድ ኩባንያ እስከ 8 መያዝ ይችላል፤ ከነዚህ ውስጥ ኤፍ ኤም ብቻ ወይም ኤ ኤም ብቻ ሲቆጠር ግን ከ5 መብለጥ የለበትም። ከ30 እስከ 44 ባለበት 7 ሆኖ በአንድ ዓይነት 4፣ ከ15 እስከ 29 ባለበት 6 ሆኖ በአንድ ዓይነት 4፣ ከዚያ ባነሰ ገበያ ደግሞ 5 ሆኖ በአንድ ዓይነት 3 ነው፤ ያውም ከጠቅላላው ግማሽ ሳያልፍ። እንግዲህ አምስት ኤፍ ኤም ያለው ያንተ ኩባንያ ጣሪያውን ነክቷል። ስድስተኛ መግዛት ስለማይችል አዲስ ነገር ሊሞክር ሲፈልግ በኤች ዲ ንዑስ ቻናል (በያዘው ሞገድ ላይ በሚጨመር ዲጂታል ቻናል) ይከፍትና እስከ 250 ዋት በሆነ ትራንስሌተር (በአነስተኛ ኤፍ ኤም ማስተላለፊያ) ያሰራጨዋል፤ ትራንስሌተር በጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም። ለጀማሪ የሙዚቃ ምርጫ በእጁ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና ቃለ መጠይቁ ላይ እንዳለና እንደሌለ ጠይቅ።

አሁን ወደ ሥራው። የአንተ ድርሻ የሁለቱን ጣቢያዎች ድንበር መጠበቅ ነው፤ ድንበሩ ደግሞ በአብዛኛው ሒሳብ ነው። ሎግ የሚሠራው እንደ ሰሌክተር ወይም ሚዩዚክማስተር ባለ ሶፍትዌር ነው፤ ዘፈኖች በምድብ ይከፈላሉ፣ በጣም የሚደጋገመው ምድብ ፓወር ይባላል። እንበልና በፓወር 6 ዘፈን አለህ፣ በሰዓት 3 ይጫወታል። በቀን 72 ቦታ አለ ማለት ነው። 72 ለ6 ሲካፈል 12፣ ቀሪ የለውም። ውጤቱ፦ አድማጩ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ሲነዳ የሰማውን ዘፈን ነገም፣ ከነገ ወዲያም በዚያው ሰዓት ይሰማዋል፣ በሚቀጥለው ሰዓት የሚጫወቱትን ሦስቱን ግን በዚያ ጉዞ ላይ ፈጽሞ አያገኛቸውም። ሰባተኛ ዘፈን ጨምር፤ 72 ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፣ ዙሩን በየቀኑ የምታንሸራትተው ያቺ ቀሪ ናት። ስምንት ካደረግከው ደግሞ 9 እኩል ይመጣና ተመልሰህ እዚያው ትገባለህ።

ሁለት እህት ጣቢያዎች ሲሆኑ ነገሩ ይከብዳል። የጋራ ዘፈኖቹ በሁለቱም በ7 የሚዞሩ ከሆነ እኩል ይንሸራተታሉ፤ አንዴ ከተጋጩ ማንም እስኪነካቸው ድረስ እንደተጋጩ ይቀጥላሉ። መፍትሔው የዙሩን ርዝመት መለያየት ነው፤ አንዱን በ7፣ ሌላውን በ5። በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ የእህት ጣቢያውን ሎግ እንዲያይ አድርገህ ተመሳሳይ ዘፈን ቢያንስ በ30 ደቂቃ ልዩነት እንዲወድቅ ደንብ አስገባለት። ደንቡ ገብቶ ግጭቱ ካልቆመ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአጻጻፍ ነው፦ በአንዱ ዳታቤዝ ድምፃዊው ብቻ ተመዝግቧል፣ በሌላው ከተጋባዡ ዘፋኝ ጋር። ለሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው።

ምን ያህል ይመሳሰላሉ የሚለውንም በዘፈን ቁጥር አትለካው። አንዱ ጣቢያ 300 ዘፈን ቢኖረውና 60ዎቹ የጋራ ቢሆኑ 20 በመቶ ነው፣ ያን ያህል የሚያሳስብ አይመስልም። ነገር ግን ከ60ዎቹ ውስጥ ፓወሩና ሁለተኛው ምድብ በሙሉ ካሉበት፣ በሰዓት ከሚጫወቱት 14 ዘፈኖች 3 እና 3፣ በድምሩ 6 የጋራ ናቸው፤ 43 በመቶ ማለት ነው። አድማጭ የሚሰማው ይህንን ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሰሉህ ያልከው ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል።

የማስታወቂያ ሰዓትም አለ። በትልልቅ ገበያዎች አድማጭ የሚቆጥረው ኩባንያ ኒልሰን አድማጩ ይዞት በሚንቀሳቀስ መሣሪያ ይለካል፤ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ 5 ደቂቃ የሰማ ይቆጠር ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ 3 ደቂቃ ይበቃል። ጣቢያዎች ማስታወቂያቸውን የሩብ ሰዓቱን ወሰን አቋርጦ እንዲያልፍ፣ ማለትም 15ኛውና 45ኛው ደቂቃ አካባቢ የሚያደርጉት አድማጭ ማስታወቂያ ሲሸሽ የሚመጣው ጉዳት ለሁለት ሩብ ተከፋፍሎ ቁጥሩ እንዳይበላሽ ነው። ሁለት ፕሮግራም ዳይሬክተሮች ያንኑ ዘዴ ሲከተሉ ሁለቱም ጣቢያ በአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ይገባል፤ ቻናል የቀየረው አድማጭ እህት ጣቢያው ላይም ማስታወቂያ ስለሚያገኝ በቀጥታ ወደ ተፎካካሪው ይሄዳል። ኩባንያው ሁለቱን ጎን ለጎን የያዘበት ምክንያት እዚያ ላይ ከሸፈ።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይህን አድርግ። ለአምስት የሥራ ቀናት ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሁለቱንም ጣቢያ ቅዳ። ኤክሴል ላይ የዘፈኑን ስም፣ የጀመረበትን ደቂቃ፣ ማስታወቂያው የገባበትንና የወጣበትን ጻፍ። ከዚያ ሦስት ቁጥር አውጣ፦ ከተጫወቱት ውስጥ የጋራው ስንት በመቶ ነው፣ አንድ ዘፈን በ30 ደቂቃ ውስጥ በሁለቱም ስንት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ የነበሩት ስንት ደቂቃ ነው። በአንድ ገጽ አትመህ ውሰደው። «ተሳስታችኋል» ብለህ ግን አታቅርበው፤ ምናልባት መደራረቡ ሆን ተብሎ ተፎካካሪ ላይ የተደረገ ይሆናል። «ይህን የምታደርጉት ለምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። አለቃው የሚሰጥህ መልስ የዘፈኑን ምርጫ ማን እንደሚወስን፣ የአካባቢው ሰው ይሁን የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ሁሉም ከላይ የሚወርድ ከሆነ የምትማረው ጥቂት ነው።

ወደ ስጋትህ ልመለስ። የከተማህን ጣቢያዎች ስትቆጥር 45 ወይም ከዚያ በላይ ታገኛለህ፤ ቀጣሪ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። ከአንዱ ኩባንያ ስትወጣ አምስት በር በአንድ ጊዜ ይዘጋል። የሬዲዮ ኩባንያዎቹ ዕዳም እውነተኛ ነው፤ ከትልልቆቹ ኩሙለስ በ2017፣ አይሃርት በ2018፣ ኦዳሲ በ2024 ዕዳቸውን ለማደላደል ፍርድ ቤት ገብተዋል፣ የአይሃርት ዕዳ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው የጎን ጣቢያው ነው፤ አስተዋዋቂው ይቀነስና ከሌላ ከተማ በተቀዳ ድምፅ ይሞላል፣ ወይም ፎርማቱ (የሚጫወተው የሙዚቃ ዓይነት) በአንድ ሌሊት ይቀየራል። ሎግ የሚያዘጋጀው ሰው ግን ፎርማቱ ሲቀየርም ያስፈልጋል፤ አዲሱን ዳታቤዝ የሚያደራጅ ሰው የግድ ነው። ግባበት ያልኩህ በዚህ ነው። ከጎኑ የማስታወቂያ ሎግ አሠራርን፣ ትራፊክ የሚሉትን፣ ተማር፤ ከሬዲዮ ውጭ ቴሌቪዥን ቤትም ይፈለጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘፈን መራጭ ጋር የሚቀርቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድን ዘፈን ለማጫወት ገንዘብ ወይም ስጦታ ተቀብሎ ለጣቢያው አለማሳወቅ ፔዮላ ይባላል፤ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። ለሁለት ጣቢያ የምትሠራ ስለሆነ ደጅህ የሚጠናው በእጥፍ ነው።

ኮንትራቱ ሲሰጥህ ሁለት ቦታ አንብብ። አንደኛው ከወጣህ በኋላ ለተፎካካሪ እንዳትሠራ የሚከለክለው አንቀጽ ነው፤ እንደ ኒው ዮርክና ኢሊኖይ ያሉ ግዛቶች ለብሮድካስት ሠራተኞች ይህን ገድበዋል፣ የአንተ ግዛት ሕግ ምን እንደሚል አረጋግጥ። ሁለተኛው የሥራ መደቡ ነው። በአንዱ ጣቢያ ስምና በጀት ከተጻፈ ጣቢያው ሲቀየር አብረህ ትቀየራለህ፤ «በኩባንያው የአካባቢ ጣቢያዎች ሁሉ» እንዲባል ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ።