ማችቦክስ፦ የሮካቢሊ መነቃቃት በእንግሊዝ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ የምሽት ቤት ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ማችቦክስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ሙዚቃ ይዞ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? በሮካቢሊ የሚሰማው የቤዝ ጥፊ መሰል ድምፅስ እንዴት ይወጣል? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሮካቢሊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በሜምፊስ ከተማ፣ የነጮች የገጠር ዘፈን ከጥቁሮች ብሉዝ ጋር ተዋህዶ የተወለደ የሮክ ኤንድ ሮል ስልት ነው። በትውልድ አገሩ ቢቀዘቅዝም “ቴዲ ቦይስ” የሚባሉት ሮክ ኤንድ ሮል አፍቃሪ የእንግሊዝ ወጣቶች አልተዉትም ነበር፤ በግንቦት 1976 ሬዲዮው ሮክ ኤንድ ሮል እንዲያሰማ ለመጠየቅ ለንደን ውስጥ እስከ ቢቢሲ ደጃፍ ድረስ ሰልፍ ወጥተዋል። በ1971 የተመሠረተው ማችቦክስም ለዓመታት በትንንሽ ክበቦች የተጫወተው ለእነዚሁ አድማጮች ነበር፤ ለእኔ የስኬቱ ዋና ምክንያት ይህ ትዕግሥት ነው። በ1979 “ሮካቢሊ ሬብል” በተሰኘው ዘፈኑ ከእንግሊዝ ሃያ ተወዳጅ ዘፈኖች ተርታ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በሌላ ዘፈን አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ግን ወደዚያ ሰንጠረዥ አልተመለሰም።

ጥፊ መሰሉ ድምፅ የሚወጣው ቆሞ ከሚመታው ትልቅ የእንጨት ቤዝ ነው። ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ ስቦ ሲለቀው ክሩ ተመልሶ የጣት ሰሌዳውን ይመታል፤ በመሐል ደግሞ በመዳፉ ክሮቹን በሰሌዳው ላይ ይጠፈጥፋል። ቀደምቶቹ ባንዶች ብዙ ጊዜ ያለ ከበሮ ስለሚጫወቱ፣ የከበሮውን ምት የሚሸፍነው ይኸው ጥፊ ነበር። በእርስዎ ቤዝ ጊታርም ክሩን ስቦ በመልቀቅ ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት ይቻላል፤ ሙሉው ድምቀት ግን ከእንጨቱ ሆድ የሚመጣ ነው።